የፀጉር አስተካካዩ ተረከዝ

ፀጉር አስተካካዩ ልጁን ተከትሎ ተራራ ሊወጣ መሆኑን ሲናገር፣ ሚስቱ የምታጥፈውን ፎጣ ጭኗ ላይ ጥላ ሳቀች።

«ደረጃ ሲወጣ እንኳ ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው!»

ሳቋ ግን የከንፈር ነበር። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃቸው ተራሮቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሯ ለማቋረጥ ካሰበች ቆይታለች። አብራት ልትሄድ የነበረችው ጓደኛዋ በመጨረሻው ሰዓት ቀረች፤ ልጅቷ ደግሞ «ብቻዬንም ቢሆን እሄዳለሁ» ብላ ቁርጡን ተናገረች። እናት አለቀሰች። አባት ሲያስብበት ሰነበተና «በቃ፣ እኔ አለሁ» አለ።

ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ ነው የሠራው። «እግሬ ብረት ነው» ይላል ደንበኞቹን እየላጨ። ወንበር መዞርና ዳገት መውጣት ግን ለየቅል ናቸው። ጫማውንም የገዛው በመሄጃቸው ዋዜማ ነው። ልጅቷ «አባዬ፣ ቀደም ብለህ ግዛና አለማምደው» ብላው ነበር፤ እሱ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ብሎበት «ልክክ ብሏል!» አለና ከፈለ።

የመጀመሪያውን ቀን በወሬ ገፋው። በማግስቱ የሻንጣው ማንገቻ ትከሻውን ይከረክረው ጀመር፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ድንኳን ውስጥ ጠጠር ላይ ያደረ ጎኑ እንደ ተወቀጠ እህል ሆኗል። ይህስ ይቻል ነበር። ያልተቻለው የቀኝ ተረከዙ ነው። መጀመሪያ ጋል አለው፣ ቀጥሎ ውሃ ቋጠረ፣ ከዚያ ፈነዳና ካልሲው ከሥጋው ጋር ተጣበቀ። አልነገራትም። ቢነግራት ጉዞው ያበቃል፤ በአፏ ባትለው እንኳ በልቧ «ምን ይዤው መጣሁ!» ትላለች ብሎ ፈራ። ስለዚህ ወደ እሱ ዞር ስትል ቀጥ ብሎ ይራመዳል፣ ፊቷን ወደ መንገዱ ስትመልስ ያነክሳል።

እሷም ራሷ ሌላ ጭንቀት ናት። እንደ ፍየል ከድንጋይ ድንጋይ ትዘላለች።

«ቀስ በይ የኔ ልጅ! ገደሉን እያየሽ!»

«አየሁት፣ አባዬ።»

«ማየት ብቻ አይበቃም!»

ስልኩ ኔትወርክ ካጣ ሰንብቷል። ደመና ባየ ቁጥር ዝናብ ይታየዋል፤ ኮዳውን ባነሳ ቁጥር ውሃው ያለቀ ይመስለዋል።

ሸንተረሩ ላይ ሲደርሱ ተረከዙ አላስቆም አላስቀምጥ አለው። «አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ለሽንት ዞር ልበል» አላት።

«እሺ፣ እዚያ ቋጥኝ ሥር እጠብቅሃለሁ። ድንገት ብንጠፋፋ ካለህበት ንቅንቅ እንዳትል። እኔ እመጣለሁ።»

«እሺ፣ እሺ።»

ጥርሱን ነክሶ ጫማውን አወለቀ። እግሩ አብጦ ነበርና ተመልሶ አልገባ አለው። ከጫማው ጋር ሲታገል ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ ዋጠው። ቀና ሲል ቋጥኙ የለም፣ መንገዱ የለም፣ ልጁ የለችም። ተጣራ። መልስ የለም።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለ ለራሱ። ልትፈልገው ስትመለስ እግሯ ከድቷት ገደል ስትገባ ታየው። እናቷ በር ላይ ቆማ ከኋላው ሌላ ሰው ስትፈልግም ታየው። አላስችል አለውና ከሻንጣው ነጠላ ጫማውን አውጥቶ አጠለቀና ተነሣ። ጥቂት እንደሄደ ከእግሩ ሥር ድንጋይ ተንከባለለ። ሲያርፍ ይሰማኛል ብሎ ጆሮውን ቢያቆም፣ አልተሰማውም። ሣሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ባለበት ቁጭ አለ።

«ሚጢጢ!» ብሎ ጮኸ፣ በልጅነት ስሟ።

ከሩቅ ፊሽካ ተነፋ፤ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ። ቀጥሎም ድምፅዋ መጣ። «አባዬ! አትንቀሳቀስ! ዝም ብለህ ብቻ አውራኝ፣ በድምፅህ ነው የምመጣው!»

ምን ያውራ? ከአፉ የወጣለት የሱቁ ወሬ ብቻ ነው። «ከጎን ላሳጥረው? ጺሙስ ይነሣ? ውሃው አቃጠለዎት እንዴ ጌታዬ?» እያለ ጉሙን ሲያስተናግድ፣ ልጁ በአራት እግሯ እየዳኸች ከጎኑ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። መጀመሪያ ትከሻውን መታችው፣ ከዚያ አቀፈችው።

«ንቅንቅ አትበል አላልኩህም?»

«ገደል የገባሽ መስሎኝ!»

«ገደሉ እኮ አንተ የተቀመጥክበት ነው!»

እየጎተተች ካራቀችው በኋላ እግሩን አየች።

«ቀኑን ሙሉ ለማላውቀው ሰው ቁስል መድኃኒት ስሰጥ እውላለሁ» አለች። «ያንተን ትደብቀኛለህ?»

«ትመልሺኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።»

«እመልስህ ነበር እንጂ!»

አጠበችለት፣ አሰረችለት። በማግስቱ ክንዷን ተደግፎ አውቶቡስ ወደሚቆምበት መንገድ ወረዱ። እዚያ በዚያው መስመር የሚጓዙ ባልና ሚስት አገኙ፤ ጡረታ የወጡ፣ ተራራ የለመዱ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ጋር መቀጠል ትችላለች። እሷ ግን «አብሬህ እመለሳለሁ» አለች። አዎ ሊል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ያን ጉም አሰበ። የጠፋው እሱ፣ ያልጠፋችው እሷ።

«ሂጂ» አላት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱኑ አስደነገጠው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ከኋላው ማንም እንደሌለ አይታ «ልጄን የት ጥለሃት መጣህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ የተጣልኩት» አለ፤ አልሳቀችለትም። እስኪነጋገሩ ጥቂት ቀን ፈጀ።

አንድ እግሩን በነጠላ ጫማ አድርጎ ሥራ ገባ። ከተማው ላይ ሲያካፋ ምላጩ አየር ላይ ይቀራል። «ጌታው፣ ግማሼን ብቻ ነው እንዴ የምትላጨኝ?» ይሉታል ደንበኞች። ጭንቀቱ ተራራው ላይ ከነበረው ይብስ ነበር፤ እዚያ ቢያንስ ይጣራ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ጨርሻለሁ አባዬ። ወርጃለሁ። ደህና ነኝ።»

የደንበኛ ወንበር ላይ ዘፍ አለ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሳሙናው ፊቱ ላይ የደረቀበት ደንበኛ ከጎን ወንበር ሆኖ በመስተዋቱ አየውና ከአንገቱ ላይ ፎጣውን አውልቆ አቀበለው።