ለገስግስ የሚሆን ድብዳብ

የባለቤቴ የዓምደ ሚካኤል ፈረስ ጀርባው የተገጠበው በፍልሰታ ጾም ነው። ፈረሱ ገስግስ ይባላል፤ ጌታዬም በሱ ስም አባ ገስግስ ይባላሉ። ችግሩ፣ ለመስቀል እንጦጦ ላይ ሰልፍ አለ። የጦሩ አለቃ ኮርቻ እያስነሳ የእያንዳንዱን ፈረስ ጀርባ ያያል፤ ገጣባ ፈረስ ይዞ የመጣ ሰው ማደሪያው ተነቅሎ ለሌላ ይሰጣል። የእኛ ማደሪያ ቀበና ወንዝ ዳር ያለችው የገብስ መሬት ናት። ስድስት ዓመት ድንጋይዋን በእጄ ለቅሜላታለሁ፤ ለማንም አልሰጥም።

ሂርጳን ከካራ አስጠራን። በፈረስ ነገር ከሱ ወዲያ አዋቂ የለም። ቁስሉን አጥቦ ቅቤ ቀባና እስከ መስቀል ምንም እንዳይጫንበት አዞ ሄደ። እኛ በጾም ቅቤ ሳናሸት ፈረሱ ይቀባ ጀመር።

ጌታዬ ግን ይህ አልበቃቸውም። ቢድንም በሰልፉ ቀን መልሶ ይገጠባል፣ ጥፋቱ ከኮርቻው ሥር የሚገባው ድብዳብ ነው፣ ደህና ድብዳብ መመረጥ አለበት አሉ። በምን ይመረጥ? ገስግስ አይጫንም። የጎረቤት ፈረስ ደግሞ የጎረቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያስቡ ዋሉና ሸማቸውን አውልቀው ግቢው መካከል በእጅና በጉልበታቸው ቆሙ።

«ጫኚብኝ» አሉኝ።

ያበዱ መሰለኝ። ግን መሬቱ ትዝ ሲለኝ ጫንኩ። ቀጥሎ ውጪ አሉኝ፤ ወጣሁ። እኔ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ ተሸክመው የሚያነሱኝ ሴት አይደለሁም።

ጭድ የተሞላው ድብዳብ ወጋቸው። ባናው አሳከካቸው። አጎዛው ተሻለ፤ ሲዞሩ ግን እየተንሸራተተ አስቸገረ። ከላይ ቀይ ግላስ እናልብስበት ሲሉ፣ ሲያጌጡ ይመላለጡ ብዬ ከለከልኳቸው። ገስግስ ሣሩን እያመነዠከ ያየናል፤ በየቀኑ ይወፍራል።

ሂርጳ ቁስሉን ሊያይ ሲመለስ እኔ ኮርቻው ላይ ነበርኩ። ይስቃል ብዬ አፈርኩ፤ እሱ ግን ጌታዬን ዞሮ ዞሮ አያቸው፣ ጎናቸውን ዳበሰ፣ ከኮርቻው ሥር ጣቱን ሰደደ። አከርካሪያቸው ላይ አርፏል፣ በዚያ በኩል አየር ማለፍ አለበት ብሎ አጎዛውን ግራና ቀኝ አጠፈው። ከዚያም በሜዳ መፈተን ዋጋ የለውም፣ ቁልቁለት ላይ ነው ኮርቻ የሚያመልጠው አለ። ጭራ ሥር የሚያልፈውን ጠፍር አመጣን። ጌታዬ ጭራ ስለሌላቸው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አሰርነው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ወደ ወንዙ ቁልቁል እንወርድ ነበር፤ በዚያ በክረምት ጭቃ። አንድ ቀን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚመለሱት የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ኢየሱስ አገኙን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማን ይህን ንስሐ እንደሰጣቸው ጌታዬን ጠየቁ። ነገሩን ሳስረዳቸው ጥቂት አሰቡና የአጎዛው ፀጉር ወደ ታች ቢገለበጥ እንደሚሻል ተናግረው ባርከውን ሄዱ። እውነትም ተሻለ።

በመስቀል ዋዜማ ሂርጳ መጥቶ ሁለቱንም ጀርባ አየ። የገስግስ ድኗል። የጌታዬ ግን ሁለት ቦታ ተገጥቧል፣ በደረታቸው ተኝተዋል፣ ቀና ማለት አልቻሉም።

«ይኼኛው ይጫናል» አለ ሂርጳ። «ያኛው ግን እስከ ኅዳር ምንም እንዳይነካው፣ እመቤቴ።»

እንግዲህ ምን ይደረግ? የጌታዬን ጋሻ አንግቤ እኔው እንጦጦ ወጣሁ። አለቃው ሴት መምጣቷን እያየ ኮርቻውን አስነሳና የገስግስን ጀርባ በመዳፉ ዳበሰ። እንዲህ ያለ ጀርባ ዛሬ አላየሁም፣ ምን አድርጋችሁ ነው አለኝ። ሁሉን ነገርኩት። ከሰልፈኛው አንድም የሳቀ የለም፤ ይልቅስ ጠፍሩን የት እንዳሰርነው ጠየቁኝ። አለቃውም ማደሪያው እንደጸና ተናግሮ፣ ለከርሞ ባለቤትሽንም አምጪ፣ ጀርባቸውን አያለሁ አለኝ።

ቤት ደርሼ መሬቷ የእኛ ናት ስላቸው ጌታዬ መጀመሪያ የጠየቁኝ ገስግስን አጎዛው አሳክኮት እንደሆነ ነው። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቅቤ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ቁስላቸውን በደንብ አየሁት። ወር ሙሉ እዚያ ላይ ተቀምጬ ወንዝ ወርጃለሁ። እንባዬ መጣ።

«ይህን ያህል ሲያምዎ ለምን ውረጂ አላሉኝም?» አልኳቸው።

«ገስግስ መቼ ብሎኝ ያውቃል?» አሉኝ።