ለሁሉም የሚሆን ደም

የእንግሊዝኛ አስተማሪውን ተማሪዎቹ «ጋሽ ዩኒቨርሳል» ይሉታል። «ዩኒቨርሳል» የሚለውን ቃል የሚያስተምረው አፉን ሞልቶ ነው። «ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች» ብሎ ሰሌዳው ላይ ይጽፍና፣ የትም አገር ለማንም ሰው እውነት የሆነውን ነገር እንግሊዞች በዚህ ስም እንደሚጠሩት ያስረዳል። ለሰው ልጅ ሁሉ የሚገባውን መብት ይሉበታል፤ ያገኘውን በር ሁሉ የሚከፍተውን ቁልፍም ይሉበታል። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን መታ መታ ያደርግና፣ «ይሄንንም ይሉበታል» ይላል። ደሙ ኦ ኔጋቲቭ ነው፤ ዓይነቱ ላልታወቀ ቁስለኛ እንኳ የሚሰጥ። ባለ ደሙ ራሱ ቢቸገር ግን ከራሱ ዓይነት በቀር ከማንም መቀበል አይችልም። ይህችን አስተማሪው ክፍል ውስጥ አንስቷት አያውቅም፤ ትምህርቱን ታበላሽበታለች።

ዛሬ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ በር ላይ ቆሞ የሚያስባት እሷን ብቻ ነው። ልጁ በሰላም ተገላገለች ተብሎ ገና እፎይ ሳይል፣ ደሟ አልቆም አለ። የደም ዓይነቷ የአባቷ ነው።

«ጋሼ፣ ፍሪጁ ውስጥ የእናንተ ዓይነት የለም» አለችው የላቦራቶሪዋ ባለሙያ። ስንት ዓመት ደሙን የቀዳችው እሷ ናት።

«ባለፈው ሳምንት የሰጠሁትስ?»

«የሞተር አደጋ የደረሰበት ሰው መጣ፤ ለሱ ተሰጠ።»

«የሱ ዓይነት ምን ነበር?»

ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች። «ኋላ ስናየው፣ ኤ።»

«የኤ ደም አልነበራችሁም?»

«ነበረን። ግን ጥድፊያ ሲሆን እጃችን ቀድሞ የሚሄደው የእርስዎ ላይ ነው። ለሁሉም ስለሚሆን አያሳስትም። እየቆየ ለመደብን፤ መርምረን ለመስጠት ጊዜ ሲኖረንም እሱኑ እናነሳለን።»

አስተማሪው ዐይኑ ደም ለበሰ። ሊጮህባት አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። በደወሉለት ቁጥር ትምህርት አቋርጦ እየበረረ ያስለመዳቸው ማን ሆነና። ምስጋናው ይጣፍጠው ነበር፤ ይሄንን አሁን ገና ለራሱ አመነ።

ክንዱን ዘረጋላት። የታችኛውን የዐይኑን ቆብ ሳብ አድርጋ አየች፤ ጣቱን ወግታ አንዲት ጠብታ መረመረችና ራሷን ነቀነቀች። «ደምዎ ገና አልተተካም። ብወስድብዎ ሁለት በሽተኛ ነው የሚኖረኝ።»

ወሬው ትምህርት ቤቱ ደርሶ ኖሮ ኮሪደሩ እጅጌውን በሰበሰበ ሰው ሞላ። አስተማሪዎች፣ ጎረቤቶች፣ የድሮ ተማሪዎች። ሁሉም ሊሰጥ መጥቶ ለሷ የሚሆን ግን አንድም ጠፋ። የሞተሩ አደጋ የደረሰበት ሰውዬ ሳይቀር በክራንች እያነከሰ ከተኛበት ወረደ። «ከኔ ወስዳችሁ መልሱላቸው፤ የሳቸው አይደል እንዴ?» አለ። ባለሙያዋ ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ቀስ ብላ ስታስረዳው፣ የተበደረውን መመለስ እንዳቃተው ሰው አንገቱን ደፋ።

የቀረው የአስተማሪው ታናሽ ወንድም ነው፤ ጎሚስታ ነው፣ ጎማ ሲነፋና ሲጠግን የሚውል። እናታቸው የታመመች ጊዜ ሁለቱም ተመርምረው ደማቸው አንድ ዓይነት መሆኑን ያውቃሉ። ወንድምየው ግን «ከራስ በላይ ነፋስ» እያለ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። «እኔ ለክፉ ቀን አስቀምጬዋለሁ» ይል ነበር። በልጅቷ ሠርግ ላይ አስተማሪው ብድግ ብሎ፣ «የወንድሜ ደም ጎማ ውስጥ እንዳለ አየር ነው፤ ትንሽ ከተነፈሰበት መንገድ ላይ የሚቀር ይመስለዋል» ሲል እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ወንድምየው ሳይሰናበት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

አስተማሪው ስልክ ደወለለት። ነገሩን ሰምቶ ወንድምየው «የት ክፍል?» ብቻ አለና ዘጋው።

ግራሶ የጠጣ ቱታውን እንደለበሰ መጣ። ሰላምታ የለ፣ ወቀሳ የለ። ቀጥ ብሎ አልጋው ላይ ወጣና ክንዱን ሰጠ። ከረጢቱ ሲሞላ እያየ፣ «አየር አይመስልም» አለ። አስተማሪው አፈረ።

ፈጣን ምርመራው አልቆ ከረጢቱ ሊወጣ ሲል የድንገተኛ ክፍሉ ነርስ በሩን በርግዶ ገባ። «ከሕንፃ ላይ የወደቀች የቀን ሠራተኛ አለች፤ ዓይነቷ አልታወቀም። ያ ለሁሉም የሚሆነው አለ?»

ባለሙያዋ ከረጢቱን እንደያዘች አስተማሪውን አየችው። አስተማሪው ወንድሙን አየ።

«እኔን አትየኝ» አለ ወንድምየው ከተኛበት። «እኔ የምለውን ድሮም ታውቀዋለህ።»

አስተማሪው እጁን ዘርግቶ ከረጢቱን ተቀበለ። ሙቀቱ አልለቀቀውም። ደረቱ ላይ አስጠጋው።

«የልጄ ነው» አለ። «ለሠራተኛዋ የራሷን ዓይነት መርምራችሁ ስጧት።»

«ጊዜ ይፈጃል፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

ባለሙያዋ የሠራተኛዋን ደም ለምርመራ የምትቀዳበት ብልቃጥ አንስታ ነርስየውን ተከትላ ሮጠች።

ልጁ አመሻሹ ላይ ፊቷ ወዝ ያዘ። ዐይኗን ገልጣ ስለ ሕፃኑ ጠየቀች። አባቷ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እጇን ይዞ አለቀሰ፤ ወንድምየውም ወደ መስኮቱ ዞሮ አፍንጫውን ጠረገ። አስተማሪው ግን መቀመጥ አልሆነለትም። ወደ ድንገተኛው ክፍል ወረደ።

በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ የሴት ጫማ፣ አንድ እግሩን ብቻ፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። ስሚንቶ የነካው ጫማ ነው።

«ለልጄ ደም ሰጥተዋታል፤ ግን ዘግይቶ ነው አሉ» አለው ሽማግሌው ሳይጠየቅ። «ሐኪሞቹም ገና አልወጡም። ለሁሉም የሚሆን የሚባል ደም ነበረ አሉ። ምን ያደርጋል፣ ዛሬ አልቆ ተገኘ።»

አስተማሪው ማለፍ ይችል ነበር። አጠገቡ ተቀመጠ።

«አላለቀም ነበር፣ አባቴ። እኔ ነኝ የያዝኩት።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው። «ለማን?»

«ለልጄ።»

ሽማግሌው ጫማውን አገላበጠ፤ ስሚንቶውን በአውራ ጣቱ ፈቀፈቀ።

«እኔም ብሆን እይዘው ነበር» አለ።

በሩ ገና አልተከፈተም።