ከበሩ በላይ የነበረው ስጋጃ

በ፲፱፻፳፬ ዓ.ም. ቡና ረከሰ። ለምን እንደረከሰ በሐረር ገበያ በፈረስ መጋላ ላይ ያልተወራ ምክንያት የለም፤ አንዱ ፈረንጅ ቡና መጠጣት ተወ ይላል፣ ሌላው ከባሕር ማዶ ገንዘቡ ራሱ ታመመ ይላል። ባሕሩዲን ምክንያቱን ቢያውቀውስ ምን ሊያደርግለት? ቡናው መጋዘን ውስጥ ተከምሮ አይጥ ይቀልባል።

ባሕሩዲን እንደ አባቱና እንደ አያቱ የቡና ነጋዴ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ግን ከረሃብ ይልቅ የጎረቤት ዓይን ያስፈራዋል። ገዢ እንደሌለው እንዳያውቁበት በየማለዳው ጥምጥሙን አሳምሮ ይወጣል፣ መጋዘኑን ይከፍታል፣ እንደ ባለ ብዙ ጉዳይ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ቀትር ላይ ቆልፎ ይመለሳል።

አንዲት ልጅ ነበረችው፣ ነሲማ። የነሲማ ልብ ደግሞ ቁርአን የሚደጉሰው ዐብዱናስር ዘንድ ነበር። ዐብዱናስር በእህቱ በኩል ቃል ልኮላታል፤ አረፋ ሲያልፍ ያሳደጉት አክስቱ መጥተው ይጠይቁለታል። እስከዚያ የነሲማ ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው። የሐረር ልጅ አፏን ከፍታ «ለእሱ ስጡኝ» አትልም። ስለ እሷ የሚናገረው ከበሩ በላይ ባለው እንጨት ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ስጋጃ ነው። እዚያ ስጋጃ ካለ በቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ ያልታጨች ልጅ አለች ማለት ነው። ስትታጭ ይወርዳል። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ቡናው አልሸጥ ሲል ባሕሩዲን አዲስ ንግድ ፍለጋ ተነሣ። ፈረስ መጋላ ላይ ሱቅ ያለው አንድ አርመን፣ ፈረንጆች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የሐረር የሣር ስፌት ይወዳሉ ብሎ ነገረው። ሚስቱ ዐብላ በስፌት የታወቀች ነበረችና ከልጅቱ ጋር ወስፌያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ጣታቸው እስኪቆስል ሰፉ። አርመኑ አገላብጦ አየና ቀለሙ ይጮኻል አለ፤ የሚፈልገው ያረጀውን፣ ጭስ የጠጣውን፣ ከግድግዳ የሚወርደውን ነው። ዐብላ ይህን ስትሰማ ሰው ያረጀ ዕቃ በገንዘብ ይገዛል ወይ ብላ ከልቧ ሳቀች። ሳቋ ብዙ አልቆየም። ከእናቷ የወረሰችው፣ ለሰርጓ የተሰፋው፣ የሟች እህቷ እጅ ያረፈበት ሁሉ አንድ በአንድ እየወረደ ተሸጠ፣ ተበላ። ግድግዳው ላይ ክብ ክብ ምልክት ብቻ ቀረ። ለጠያቂ ሁሉ ዐብላ ቤቱን ልናስቀባ ነው ትላለች። እስኪሰለቻት ድረስ እንዲሁ ስትል ከረመች።

ቀጥሎ የመጣው የጫት ሐሳብ ነው። ከከተማው ውጭ ያለው የሶፊ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት ይተክል ነበር፤ ባሕሩዲንም ከእነሱ ገዝቶ ድሬዳዋ ለባቡር ጣቢያ ሠራተኞች በመኪና ቢልክ እንደሚያተርፍ አሰበ። መነሻ ግን የለውም። ቤቱን ዞሮ ዞሮ አየ። መጨረሻ ላይ ዓይኑ ወደ በሩ ተነሣ።

«እሱስ የእኛ አይደለም፤ የልጅቱ ነው» አለችው ዐብላ።

«በሳምንት ውስጥ እመልሰዋለሁ። እንግዳ የሚበዛው በአረፋ ነው፤ እሱም ገና ነው፤ ማን ያያል?»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። በማግስቱ ጠዋት ስጋጃው ተሸጠ፣ ጫቱም ተጭኖ ሄደ። ነሲማ ባዶውን እንጨት ደጋግማ ታየው ነበር።

ዐብዱናስር አረፋን መጠበቅ አቅቶት ኖሮ፣ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ከዐስር ሶላት በኋላ አክስቱ መጡ። መደብ ላይ ተቀመጡ፣ ሰላምታው ረዘመ፣ የጤናው ጥያቄ አለቀ። ከዚያ ቀና ብለው ከበሩ በላይ አዩ። ፊታቸው ሲለወጥ ነሲማ በመጋረጃው ቀዳዳ ተመለከተች።

«ነሲማ ታጨች እንዴ?» አሉ።

ባሕሩዲን እውነቱን ሊናገር ይችል ነበር። ስጋጃውን ሸጬ ጫት ገዛሁበት ለማለት አፉን ከፍቶም ነበር። ዓይኑ ባዶው ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ግን እፍረቱ ቀደመው።

«አዎ፤ ለአንድ የድሬዳዋ ነጋዴ» አለ።

አክስቱ አላህ ይባርክላት ብለው መረቁ። ለጥያቄው ይዘውት የመጡትን ጥቅል ከሻሻቸው ሥር ሳያወጡት ተነሥተው ሄዱ። ነሲማ ከመጋረጃው ጀርባ እንደቆመች ቀረች። ጮኻ ብትወጣ አባቷ በአደባባይ ሐሰተኛ ይሆናል፤ ያን አልቻለችም።

ባሕሩዲን ትርፉ ሲገባ ስጋጃውን አስመልሶ እጮኛው ቀረ ሊል አስቦ ነበር። ሲመሽ ወሬው ደረሰ። መኪናው በድሬዳዋ መንገድ ደንገጎ ላይ ተሰብሮ ውሏል፤ ጫቱም ጠውልጓል። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው። ዐብላ ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው ብላ ተነሣች፤ ባሕሩዲን በር ላይ ቆሞ ከለከላት። ድህነቱ ሳያንስ ውሸታም ልንባል ነው አላት። ዐብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

አረፋ አለፈ። ክረምቱም አለፈ። አንድ ቀን የዐብዱናስር አክስት እንደገና መጡ፤ ባሕሩዲን ጥምጥሙን አስተካክሎ አስገባቸው። የመጡት ስፌት ሊያሰፉ ነው። ዐብዱናስር ሊያገባ ነው፤ የሙሽራዋ ቤት ግድግዳ በስፌት መሞላት አለበት፤ የነሲማን እጅ የሚያክል ደግሞ የለም።

«ያንቺም ሰርግ ደርሷልና ጎን ለጎን ትሰፊዋለሽ» አሏት።

«ኢንሻአላህ» አለች ነሲማ። ሙሽራዋ ምን ዓይነት ቀለም እንደምትወድ ጠየቀች፤ አረንጓዴና ቀይ አሏት።

አክስቱ ቀብዱን ሰጥተው እንደወጡ ባሕሩዲን ከመደቡ ወረደ። ይህን ያህል ደስ ብሎት ከታየ ቆይቷል። አዲስ ንግድ ያልነው ይኸውና፣ ሙሽራ የሌለበት ዓመት የለ፣ ከእንግዲህ አንራብም አለ። ደግሞም እውነቱን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ አልተራበም።

«መጀመሪያ ግን በዚህ ገንዘብ ስጋጃሽን ገዝቼ እሰቅላለሁ» አላት።

ነሲማ ወስፌዋን ከእናቷ ተቀበለች።

«ይተዉት አው» አለች አባቷን፤ «የሚያየው ሰው አይቶ ሄዷል። በገንዘቡ ለስፌቱ አለላ ይግዙልኝ።»