ንግሥቲቱን የሰዋሁበት ቅዳሜ

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እውነት ነው። ከዋሸሁ መቀሴ ይደንዝ፣ መርፌዬ ክር አይያዝ፣ የምሰፋው ሱሪ ሁሉ አንድ እግሩ ይጠር። ልብስ ሰፊ ከዚህ የከበደ መሐላ የለውም።

የቤተ መጻሕፍታችን የልጆች ቼዝ ክፍል አሥር ዓመት ሞላው። ኃላፊዋ ለበዓሉ በሚታተመው መጽሔት ላይ ክፍሉ እንዴት እንደተረፈ በአንድ ገጽ እንድጽፍ ጠየቁኝ። የእኔን ታሪክ በአንድ ገጽ ማለት ዝሆንን በኮት ኪስ እንደ ማስገባት ነው። ቢሆንም እሞክራለሁ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ልብስ ሰፊ ምን አግብቶት ቼዝ ያስተምራል? ምን አግብቶኝ! ቼዝን የተማርኩት በሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ያስተማረኝን ሰው አሸነፍኩት፣ በአምስተኛው ቀን ሌላ ሥራ እንዲፈልግ መከርኩት። በዚህ ሰፈር የእኔን ፈረስ አይቶ የተረፈ ንጉሥ የለም። እንዲህ ያለ እውቀት ታዲያ ጭንቅላት ውስጥ ሞልቶ ሲተርፍ ወደ ልጆች ካልተገለበጠ ይፈስሳል።

የሚጎትተኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ልጅ ማሸነፊያዋን ራሷ ስታገኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ጆሮዋ ይቀላል። ቀጥሎ ትንፋሿን ትይዛለች። ከዚያ እጇ ከመቀመጫዋ ስር ሾልኮ ለመውጣት ይታገላል። እጃቸው መቀመጫቸው ስር የሚውለው እኔ ስለማዝዝ ነው፤ "እጃችሁ ላይ ተቀመጡ፣ አስቡ፣ ደግማችሁ አስቡ።" ሠላሳ ዓመት ሰው ለክቻለሁ፣ እንደዚያች ደቂቃ ያለ ልክ ግን የትም አልገጠመኝም። ልጅቷ ቁጭ ባለችበት ሁለት ጣት ትረዝማለች። በሜትር አረጋግጫለሁ።

ክፍሌ ውስጥ ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የነካኸውን ታንቀሳቅሳለህ። በጣትህም ነካኸው በክርንህ፣ አስበህም ነካኸው ሳታስብ፣ ነካህ ነካህ ነው። ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ ሳያስቡ የነኩት አይቆጠርም ይላሉ፤ አይቁጠሩ። እኔ ጋ ግን ከአፍ የወጣ ቃልና የተነካ ወታደር አይመለሱም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በደብተር ትጽፋለህ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱም ተጫዋቾች ይፈርማሉ። ልጆቹ ለምን ብለው ሲያጉረመርሙ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እናንተ ሞኝ ስላልሆናችሁ ወረቀት ያዙ" እላቸዋለሁ።

ክፍሉ በተከፈተ በዓመቱ ኢንጂነሩ መጣ። የውኃ መሥሪያ ቤት ሰው ነው፣ በቼዝ የምስክር ወረቀት አለው፣ ያውም በመስተዋት የተለበጠ። አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ሲጫወቱ ከኋላቸው ቆሞ ካየ በኋላ ወደ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ሄደና ቅዳሜን ለእሱ እንዲሰጡት ጠየቀ። ተከትዬው ገባሁ።

"ልጆቹ አንድም የአከፋፈት ስልት በስሙ አያውቁም" አለ።

"ፈረሱን በስሙ ያውቁታል። ለጊዜው ይበቃቸዋል።"

"ይቅርታ፣ እርስዎ በቼዝ ደረጃዎ ስንት ነው?"

"ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል፤ እኔ ምድር ቤት ነው የምጫወተው።"

አልሳቀም። መሐንዲስ ነው፣ ሳቁንም አስልቶ ነው የሚያወጣው። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ብዬ ኮቴን ማውለቅ ስጀምር ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወረዱ።

"እናንተ ሰዎች፣ ይህ ቤት ዝም የሚባልበት ቤት ነው። ክፍሉ አንድ ነው፣ ቅዳሜም አንድ ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ ፊት ተጫወቱ። ያሸነፈ የክፍሉን ቁልፍ ይውሰድ፣ የተሸነፈ ዝም ይበል።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። ያን ሳምንት ሁለት ኮት እጅጌውን አገላብጬ ሰፋሁ። ክፍሉን ካጣሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱሪ ጋር ብቻ ልውል ነው፤ ሱሪ ደግሞ ምንም ብታስተምረው ጆሮው አይቀላም። ይህን ያን ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰው ፊት ግን "ኢንጂነሩን በአንድ እጄ፣ በሌላው ቁልፍ እየተከልኩ" እያልኩ ነበር የምዞረው።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ነበር፣ መስኮት ላይ የተንጠለጠለውን ሳልቆጥር። ጨዋታውን እንድትጽፍ የእህቴን ልጅ ሚጢን መደብኳት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ስትጽፍ ምላሷ በከንፈሯ ጥግ ብቅ ይላል። ለእኔ ነጭ ደረሰኝ። ከሱቅ በቀጥታ ስለመጣሁ ሜትሬ አንገቴ ላይ ነው፤ ያለ እሱ ከወጣሁ ራቁቴን የወጣሁ ይመስለኛል።

እስከ አሥራ ሦስተኛው እርምጃ ኢንጂነሩን አባብዬ አስቀመጥኩት። እንዲደሰት ብዬ ሁለት ወታደር አበላሁት። አሥራ አራተኛው ላይ ዓለም ዛሬም ድረስ የሚያወራለትን ነገር አደረግሁ። ንግሥቲቱን በሁለት ጣት አንስቼ፣ ቀስ ብዬ፣ የኢንጂነሩ ግንብ አፍ ውስጥ አስቀመጥኳት።

አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ኢንጂነሩ እኔን አየ፣ ንግሥቲቱን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። "እርግጠኛ ነዎት?" አለኝ። "ልብስ ሰፊ ሳይለካ አይቆርጥም" አልኩት። በላት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ለራሱ ለኢንጂነሩ አዝናለሁ። ፈረሴ ከግራ፣ ግንቤ ከቀኝ፣ የእሱ ንጉሥ መሐል ላይ ቤት እንደ ጠፋበት እንግዳ ተንከራተተ። በሦስተኛው እርምጃ ማት፤ ንጉሡ መውጫ አጣ። ኢንጂነሩ መነጽሩን አውልቆ አለቀሰ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ቼዝ አልነካም" አለ፣ ወጣ፣ ከድንጋጤው የተነሳ ጃንጥላውን ረስቶ ሄደ። ጃንጥላው ሱቄ ውስጥ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ የሚጠራጠር መጥቶ ይዳስሰው። ኃላፊዋም ቁልፉን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ።

እዚህ ላይ ጨርሼ፣ የፊደል ግድፈት ካለ እንድታይልኝ ለሚጢ ሰጠኋት። አሁን አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የጀማሪዎቹን ክፍል የምታስተምረው እሷ ናት። ወደ ክፍል ከመሄዷ በፊት ሱቄ ገባች፣ ከመተኮሻው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ በእርሳስ እየተከተለች አነበበችው። ምላሷ በከንፈሯ ጥግ ብቅ ብሏል።

"ጋሼ፣ አጻጻፍህ ያምራል።"

"አውቃለሁ።"

"'ተንከራተተ' የሚለውን በጣም ወደድኩት።"

"እሱን ስጽፍ እኔም ወድጄዋለሁ።"

"ግን ሦስት መቶ ሰው አልነበረም። አሥራ አንድ ልጆችና ኃላፊዋ ነበርን።"

"መስኮት ላይ የነበሩትስ?"

"እነሱ እርግቦች ናቸው።" አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች። "ጃንጥላው ደግሞ የእማዬ ነው። ስትፈልገው ዓመቷ።"

"እሱን ተዪው፣ አንባቢ ይወደዋል። ለእናትሽ ሌላ እገዛላታለሁ።"

ሳቀች። ከዚያ ወረቀቶቹን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለጀማሪዎቹ የፈረስን አካሄድ እንደምታስረዳው ዓይነት መናገር ጀመረች።

"ንግሥቲቱን አልሰዋሃትም፣ ጋሼ። የሆነ ቀልድ ልትነግራቸው ወደ ልጆቹ ጎንበስ ስትል ሜትርህ ከአንገትህ ወርዶ ነካት። ኢንጂነሩ አንገታቸውን ደፍተው እየጻፉ ነበር፣ አላዩህም። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። ምን ያደርግ ይሆን ብዬ እጄ ላይ ተቀመጥኩ።"

የተሰካውን መተኮሻ ነቀልኩት። ለካ አላበራሁትም፤ ቀዝቃዛ ነበር።

"አንተ 'ነክቻለሁ' አልክ። ኢንጂነሩ 'ምኑን?' አሉህ። ነገርካቸው። 'ሳያስቡት ነው፣ አይቆጠርም፣ ሌላ ይጫወቱ' አሉህ። 'እዚህ ክፍል ይቆጠራል' አልካቸው። ንግሥቲቱ የምትሄድበት ሁለት ቦታ ብቻ ነበራት፣ ሁለቱም ቦታ ትበላለች። ግንቡ ፊት አስቀመጥካት።"

"ከዚያ ፈረሴ ከግራ…"

"ፈረስህ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። በሃያ አንደኛው ተሸነፍክ። ኢንጂነሩም አላለቀሱም። ቁልፉን ከኃላፊዋ ተቀበሉና አንተ እጅ ላይ አስቀመጡት። 'የአከፋፈት ስልት ከመጽሐፍም ይማሩታል' ነው ያሉህ። ዝም ስትል ያየሁህም ያን ቀን ብቻ ነው።"

ከውጭ ልጆች ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሲሮጡ ይሰማል።

"ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ነገር ነው" አልኳት። "የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዓይን ደግሞ… አንቺም ልትሳሳቺ ትችያለሽ።"

ቦርሳዋን ከፍታ ጫፍ ጫፉ የታጠፈ ሰማያዊ ደብተር አወጣችና መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመቀሴ አጠገብ፣ ገልጣ አስቀመጠችልኝ። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ከመስመር ይወጣሉ። አሥራ አራት ቁጥር ፊት ለፊት "ንግሥት፤ ሜትር ነካት" ይላል። ሃያ አንድ ቁጥር ፊት ለፊት "ጥቁር አሸነፈ" ይላል። ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለ። ጭራው ረጅም የሆነው የእኔ ነው።