በአሥራ ሁለት ጥርስ ላይ የተንጠለጠሉ አማት

ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ጉዳዩ ለሚመለከተው ሁሉ፦ አማቲቱ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከምድር ቤት ወደ ፎቅ ወጥተዋል። ፎቁ አንድ ነው። የወጡት ፀሐይ ለመሞቅ ነው። ከምሳ በፊትም በሰላም ወርደዋል።

እንዲህ ያስነገሩት ራሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ ደረጃውን ከረገጡ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበርና አይፈረድባቸውም። ያወጣቸው የሴት ልጃቸው ባል ነው፤ የስፌት መኪና ጠጋኙ። ከደረጃው ጎን ባለው ክፍት ቦታ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሞተር ሰቀለ። በሞተሩ ዘንግ ላይ አሥራ ሁለት ጥርስ ያላት ትንሽ የብረት ማርሽ አሰረ። እሷ ሰባ ሁለት ጥርስ ያለውን ትልቁን ማርሽ ታዞራለች፣ ትልቁ የብረት ገመድ ይጠቀልላል፣ ከገመዱ ጫፍ ወንበር አለ፣ ከወንበሩ ላይ አማት። ሞተሩ ቢቆም ፍሬን ይይዘዋል። ጥርሶቹ ቢለቁ ግን ፍሬኑ የሚይዘው ባዶ ሞተር ነው፤ በሴትዮዋና በሲሚንቶው ወለል መካከል ሦስት ሜትር አየርና አንድ ምንጣፍ እንጂ ሌላ የሚያማልድ የለም።

ትልቁን ማርሽ ያመጣው የሚስቱ ወንድም፣ መምህሩ ነው። ተማሪዎቹ ካርቶን የሚያነሳ ሮቦት ሠርተው፣ ማርክ ተሰጥቷቸው፣ ሲያፈርሱት የተረፈ ነው። ትንሿን ጠጋኙ ከራሱ ቆርቆሮ ሣጥን መረጣት። አመራረጡም የሃያ ዓመት ልማዱ ነው፤ ከትልቁ ጋር አገናኝቶ በአውራ ጣቱ አንከባለላት፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጆሮውን ሰጠ። ተንከባለለች። ገጠመች አለ። ለስፌት መኪና ይህ ይበቃል፤ ስፌት መኪና የሚያነሳው ክር ነው።

የዚያን ሐሙስ አማቲቱ ፎቅ ደርሰው ከወንበሩ ሲነሱ ትከሻውን ያዝ አደረጉና “ልጄ” አሉት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ “ያ ሰውዬ” ነበር። “ያ ሰውዬ ምሳ በልቷል?” ብለው ልጃቸውን ይጠይቋታል፤ እሱ አጠገባቸው ተቀምጦ እየበላ። ስለዚህ “ልጄ” ሲሉት የሚገባበት ጠፋውና ሄዶ ያልቆሸሸ መስኮት ወለወለ።

ድምፁ የመጣው ዓርብ ነው። ወንበሩ ወደ ላይ ሲሄድ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ቅጭ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቅጭ። ብዙ ድምፅ አይደለም፤ ሰው ጥርሱን ሲያፋጭ የሚያሰማው ያህል ነው። ጠጋኙ ግን ኑሮው በጆሮው ነውና አላመለጠውም። ሚስቱን ሰማሽ ወይ አላት። እሷ ከምታጥፈው ልብስ ቀና ሳትል ምኑን አለችው። መምህሩም ምንም አልሰማሁም አለ፤ ከዚያ ያልሰማውን ነገር ማብራራት ጀመረ።

“አዲስ ለአዲስ ብረት ሲገናኝ ይንጫጫል፤ በኋላ ይላመዳል። ሰውም ሲጋባ እንዲሁ ነው።”

“እኔና እህትህስ ተላመድን?”

“እናንተ ግሪስ ጎድሏችኋል።”

ከምሳ በኋላ አማቲቱ ሲያሸልቡ ጠጋኙ መሰላል አቁሞ ወጣ። ግሪሱን በጣቱ ዛቅ አድርጎ ወደ ብርሃኑ ያዘው። ያብለጨልጫል። የብረት ብናኝ ነው፤ ማርሾቹ እርስ በርስ እየተበላሉ ነው። መሰላሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ከዚያ ቀድሞ ሊያደርገው ይገባ የነበረውን ነገር አደረገ፤ ለካ።

የማርሽን ልክ ለማወቅ ስሌቱ ቀላል ነው። ጥርሶቹን ቆጥሮ ሁለት መጨመር፣ የማርሹን የጫፍ እስከ ጫፍ ስፋት ለዚያ ቁጥር ማካፈል። አብረው የሚሠሩ ሁለት ማርሾች አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ትልቁ መቶ አርባ ስምንት ሚሊ ሆነ፤ ለሰባ አራት ሲካፈል ልክ ሁለት። ትንሿ ሃያ ስምንት ሚሊ ብትሆን ኖሮ እሷም ሁለት ትሰጥ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ሆነች። ደግሞ ለካ። መለኪያ ካሊፐሩን በሸሚዙ ጠርጎ ሦስተኛ ለካ። ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ ከአሮጌ ማተሚያ መኪና ያወጣት ናት፤ ያ መኪና ደግሞ በኢንች የተሠራ ነበር። ልዩነቱ ሁለት ሚሊ እንኳ አይሞላም። አውራ ጣት ላይ ይጠፋል። ሰባ አምስት ኪሎ ሴትዮ ስትንጠለጠልበት ግን እያንዳንዱ ጥርስ የጓደኛውን ጫፍ እየላጠ ይሄዳል፤ እስኪያልቅ።

ማርሽ ሻጩ ጋ ደወለ። ሻጩ ነገር አያስተርፍም፤ ልኩን ጠየቀው፣ የጥርሱን ቁጥር ጠየቀው፣ የቀዳዳውን ስፋትና የማርሹን ውፍረት ጠየቀው።

“ምን ያነሳል?”

“ዕቃ ነው።”

“ስንት ኪሎ?”

“ሰባ አምስት።”

“ሲሚንቶ ነው?”

“አይደለም።”

“ታዲያ ምንድነው?”

ጠጋኙ ዋጋው ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ብዙ ዓመት የሸጠ ሰው ግን ዋጋ የተጠየቀው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

“ስማ ወንድሜ፣ ሰው የሚነሳበት ማርሽ በጆሮ አይመረጥም። የጠነከረ ብረት፣ ልኩ ሁለት፣ ጥርሱ ሰፋ ያለ። ማክሰኞ ይደርሳል። እስከዚያ ድመትም አታውጣበት።”

ዓርብ ማታ ያልተነገረ ነገር ቅዳሜ ጠዋት ይከብዳል። ጠጋኙ ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ከተተና ወንበሩ እምቢ ብሏል፣ እስከ ማክሰኞ ይረፍ አለ። በአሥር ሰዓት ሚስቱ ፊውዙን በመዳፏ ይዛ መጣች። ልብስ ላጥብ ስል ኪስህ ውስጥ አገኘሁት አለችው። ከዚህ በላይ ቃል አልጨመረችም። ራሷ ቦታው መለሰችው፤ ስትመልሰው ግን ዓይኗን ከወንበሩ ላይ አላነሳችም።

እራት ላይ ቆርጦ ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ።

“እማማ፣ ስለዚያ ወንበር…”

“ስለ ወንበሩ አንድ ቃል እንዳትናገር። ሰው ሲመሰገን አንገቱን ይደፋል እንጂ አያስተባብልም። ነገ የሰፈሩ ሴቶች ይመጣሉ። አማቼ ሠራው አላልኳቸውም፤ ልጄ ሠራው ነው ያልኳቸው።”

ውሃ ጠጣ። ቢናገር ነገ “ያ ሰውዬ” ይሆናል፤ “ሊገድለኝ የነበረው ያ ሰውዬ”። ባይናገር ደግሞ ሌላ ስም ይወጣለታል፤ የሚያወጡለት እሳቸው ግን አይሆኑም። ይህን አስቦ ዳቦውን ወደ ሳህኑ መለሰ።

እሁድ በማለዳ ወደ ሱቁ ሮጦ ቆርቆሮ ሣጥኑን ወለሉ ላይ ገለበጠ። ልኳ ሁለት የሆነች፣ አሥራ ሁለት ጥርስ ያላት፣ አንዲት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንበርክኮ ቆጠረ፣ ለካ፣ ወረወረ። አልተገኘችም። ባዶ እጁን ሲመለስ ከውጭ በኩል የሴቶች ሳቅ ሰማ። ሳቁ የሚመጣው ከላይ ነው።

መምህሩ ቁልፉን ተጭኖ አውጥቷቸዋል። አማቲቱ ሰገነቱ ላይ በሰባት ጎረቤት ተከበው ተቀምጠዋል፤ ደስታቸው ፊታቸውን አሥር ዓመት አሳንሶታል። እንዴት ወጡ አለው ጠጋኙ መምህሩን፣ በሹክሹክታ። ሸጋ አድርገው፣ አለ መምህሩ፤ ከንፈሩ ግን ደርቋል።

መውረጃው ያው ወንበሩ ነው። ጠጋኙ በጀርባዬ ላውርድዎት አለ፤ ለክብርዎ ነው ብሎ ጨመረበት።

“እንደ ጆንያ?” አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ነገሩ አለቀ።

ምሳ እስኪቃረብ የቀረችውን ጥቂት ደቂቃ ተጠቀመባት። ወደ መኝታ ቤቱ ገብቶ ከራሱ አልጋ ሰማያዊውን ብርድ ልብስ ገፈፈ፣ አራት አጠፈና ወንበሩ ከሚያርፍበት ምንጣፍ ሥር ከጎን ሸጎጠው። አንድ ነገር እጁን የገታው መሰለው። ከደረጃው ኮቴ ሲሰማ ግን ገፍቶ ለቀቀውና ቁልፉ ጋ ሄዶ ቆመ። ሴቶቹ በደረጃው ወርደው ግድግዳውን ይዘው ተሰለፉ። አማቲቱ ወንበሩ ላይ ተሰየሙ። ጠጋኙ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ።

ተጫነ።

ቅጭ። አንድ ሜትር። ቅጭ፣ ቅጭ። ሁሉም ፈገግ ብሎ ወደ ላይ ያያል፤ ፈገግታው ፎቶ የሚነሳ ሰው ፈገግታ ነው። ሚስቱ የመጋረጃውን ጫፍ በጡጫዋ ጨብጣለች። ጠጋኙ የሚሰማው የማርሹን ድምፅ ብቻ ነው፤ የትኛው ጥርስ እንደሆነ እንኳ ለይቶ ያውቃል፤ ሰባተኛዋ ናት፤ አሁን ትመጣለች፣ አሁን መጣች።

ወንበሩ በአንድ ጊዜ አንድ ስንዝር ወደቀና ተያዘ።

አማቲቱ የወንበሩን እጀታ እንደያዙ ፈገግታቸውን አላጠፉም። መምህሩ ከጎረቤቶቹ አንዷን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ማርሽ ሲቀይር ነው አላት። አሃ፣ አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የእኛም ሚኒባስ እንዲሁ ነው።

ጠጋኙ ጣቱን አላነሳም። ቢያቆመው የፍሬኑ ድንገተኛ ጉተታ በተላጠው ጥርስ ላይ ያርፋል፤ ባያቆመው ሰባተኛዋ ተመልሳ ትመጣለች። ላቡ ከአገጩ ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ሜትር ቀረ። ግማሽ ቀረ።

ከዚያ ወንበሩ ደረሰ፤ ወለሉ ሳይደርስ። ገመዱ ረገበ፣ ወንበሩ እንደ ታንኳ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘና ከታችኛው ደረጃ ከፍ ብሎ ቆመ። አማቲቱ እንደ ሐሙሱ እግራቸውን ወለሉ ላይ ሊያሳርፉ ዘረጉ። ወለሉ የነበረበት ቦታ የለም።

ልብስ ሰፊዋ ደግፋ አስነሳቻቸውና ወንበሩን ገፋች። ጨርቅ የምታውቅ ሴት ናት፤ ጎንበስ ብላ የምንጣፉን ጠርዝ ገለጠች። ሰማያዊው ብርድ ልብስ ወጣ። ጠጋኙ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ከሥሩ ሁለት የሶፋ ስፖንጅ ወጣ፤ ሚስቱ ማድ ቤት የረሳችው ነገር እንዳለ ሁሉ ዞር አለች፣ ግን አልሄደችም። ከዚያ ሥር የጂምናስቲክ ንጣፍ ወጣ፣ ጠርዙ ላይ የትምህርት ቤቱ ማህተም ያለበት። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ።

ከሁሉም በታች፣ ሲሚንቶው ላይ፣ አንድ ትራስ ነበር። ስንት ቀን እንደተደፈጠጠ ከአቧራው ያስታውቃል፤ እንደ ቂጣ ጠፍጥፏል። ልብሱ ላይ በቀይ ክር የተጠለፈች ወፍ አለች። ያቺን ወፍ ማን እንደጠለፋት ቤቱም ሰፈሩም ያውቃል፤ ያለ ባለቤቷ ፈቃድ ማንም ነክቷት አያውቅም።

አማቲቱ እጃቸውን ዘረጉ።

“ትራሴን አቀብይኝ” አሉ።