ሁለቴ የታሰረችው ግራ እጄ

ደረቴን ከፍተው ከልቤ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ ሲጠግኑ፣ ከግራ ክንዴ ደም የሚመልሰው ሥር መንገድ ዘጋባቸውና አስረው ቆረጡት። ስነቃ ክንዴ የተነፋ ስልቻ ሆኗል፤ ጣቶቼ አይታጠፉም። እኔ ደግሞ ግራኝ ነኝ! እዚህ ኬንያ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ያለችውን ምግብ ቤቴን ያቆመችው፣ ሽንኩርቱን ስትከትፍ የምትውለው ይቺው እጅ ናት። እሷ ከቀረች ምን ሠርቼ ልበላ ነው?

ሐኪሙ ኬንያዊ ነው፣ ሳቂታ። «ቲካ ሮድ ሲዘጋ ማታቱ ምን ያደርጋል?» አለኝ፤ ማታቱ ያው የዚህ አገር ሚኒባስ ታክሲ ነው።

«ውስጥ ለውስጥ ይሾልካላ!»

«ደምሽም እንደዚያው ነው። ትንንሾቹ ሥሮች እስኪሰፉ ጥቂት ሳምንት ታገሺ፣ እጅሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊ። ያንን ክንድ መርፌም ምላጭም እንዳይነካው።»

ምላጭ ያለው ያሳደገችኝን አክስቴን፣ እትዬ ዓለምፀሐይን፣ ሳያውቃት ነው። ቤት በገባሁ ማግስት ከካሳራኒ ሰፈር በሁለት ማታቱ መጣች፣ የዋግምት ቀንድና ምላጭ በቦርሳዋ ይዛ።

«መጥፎ ደም ነው ሙሉነሽ፤ ይውጣልሽ!»

«ደም የሚያቀጥን ክኒን እየዋጥኩ ነው! አንዴ ብትበጪኝ ማን ያቆመዋል?»

«ድሮስ ምክሬን መች ሰምተሽ!»

ደሜ ፈላ። «ይቺን ግራ እጄን በልጅነቴ ከወገቤ ጋር በመቀነት አስረሻት አልሆነልሽም፤ ይኸው ሐኪሙ ጨረሰልሽ!»

እውነቴን ነው። በግራ መብላት ነውር ነው እያለች ማዕድ በቀረበ ቁጥር ታስረኝ ነበር። እኔ እንኳ ለነገር ያህል ነው የተናገርኩት። እሷ ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

«እኔው ነኝ። የእኔ እስራት ነው ዛሬ ያሳበጣት።»

ለካ ያ ሁሉ ምላጭ የራሷን ቋጠሮ ልትፈታ ኖሯል። አንጀቴን በላችው። ምላጩን ግን ቀማኋት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከትከሻዬ እስከ ጡቴ ሰማያዊ ሥሮች ተገተሩ።

«በስመ አብ! ይሄ ምን ጉድ ነው?» አለች።

«ማታቱዎቹ ናቸው እትዬ። መንገድ አገኙ።»

እብጠቱ ጎደለ፣ ጣቶቼ ታጠፉ። የዚያን ቀን ያመጣችልኝን ሽሮ በግራ እጄ ጠቅልዬ ወደ አፏ ሰደድኩት። በግራ ማጉረስ! ድሮ ቢሆን በጥፊ ነበር የምታጮለኝ። እጄን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ አፏን ከፈተች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች እንባዋን እየጠረገች፤ «ድገሚኝ እንጂ።»

በግራዬ ደገምኳት።