ቆቂት «ወደ ላይ!» ያለች ዕለት

ሰማይ ላይ ያለ ልጅ ሲዘገይ የት ተቁሞ ነው መንገድ የሚጠበቀው? በእግሩ የሄደውን ደጃፍ ወጥቼ እጠብቃለሁ። በአውቶቡስ የሄደውን ፌርማታ ድረስ ወርጄ እጠብቃለሁ። በአውሮፕላን የሄደውንስ? ጣራ ላይ ልውጣ? ይህን ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ለልጄም፣ ለጎረቤቶቼም፣ ለጤና ጣቢያው ሐኪምም አቅርቤዋለሁ። ሐኪሙ የደም ግፊት ክኒን ጨመረልኝ እንጂ መልስ አልሰጠኝም።

የልጅ ልጄ ረዳት አብራሪ ናት። ቆቂት የምንላት በሕፃንነቷ እንቅልፍ እምቢ ብላ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ስለምታድር ነው። እናቷ ሆስፒታል አዳሪ ነርስ፣ አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር፤ እነሱ ሥራ ሲውሉ ሲያድሩ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ያሳደግኋትም በይሉኝታ ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር አፏን አትከፍትም። ትልቅ ሰው ቢሳሳት እንኳ «ልክ ነዎት» ብላ ታልፋለች። ጎረቤቱ ሁሉ «ልጅ እንደ እሷ!» ይለኝ ነበር፤ እኔም ደረቴን እነፋ ነበር።

ቃል ያስገባኋትም እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ካልሲዋን እየጠቀለልኩ፣

«አንድ ቀን አብሬሽ ልብረርና ልየው» አልኳት። «ልቤ ከረጋ አፌን እዘጋለሁ። ካልረጋ ግን ትወርጃለሽ። የበረራ ፕሮግራም በሚያወጡት ልጆች ቢሮ ክፍት ወንበር አለ ብለሽኝ የለ?»

«አለ። ማመልከቻ የሚቀበሉት እስከ መጪው ወር መጨረሻ ነው።»

«እንግዲያው ቃልሽን ስጪኝ።»

«እማማ፣ አንቺ እኮ ሊፍት ውስጥ እንኳ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትቆሚው። ይሄ ገና ሳይከሰስ የተፈረደበት ነገር ነው።»

«ቃልሽን ስጪኝ አልኩ!»

«እሺ፣ ቃሌ ነው» አለችና ሳቀች። ቆቂት ቃሏን አታጥፍም። ያንን ስለማውቅ ነው የጠየቅኋት፤ አልዋሽም።

ዓርብ ዕለት እህቴ ወዳለችበት ከተማ ስንሄድ አውሮፕላኑ እንደ ቅቤ ለስልሶ አረፈ። ሰበብ አጥቼ ልናደድ ምንም አልቀረኝ። እህቴ ዘንድ አድሬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቆቂት በምታበረው አውሮፕላን ተሳፍሬ ተመለስኩ። ወንበሬ አሥራ አራተኛው ረድፍ፣ መካከል ላይ ነው። መስኮቱ ጋ አንድ ቦርጫም ጨርቅ ነጋዴ፣ በመተላለፊያው በኩል የሦስት ወር ልጅ የታቀፈች ወጣት እናት። እዚያ ተቀምጬ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት? ገና ቀበቶዬን ሳላስር፣

«ከፊት ሆና የምታበረው የልጅ ልጄ ናት» አልኩ።

«ወይ ጉድ! እውነት?» አለች ወጣቷ።

«እኔ ነኝ ያሳደግኋት።»

ነጋዴው ለኋላው ሰው ነገረ፤ የኋላው ለራሱ ኋላ አሳለፈ። አውሮፕላኑ ከመሬት ሳይነሳ የእኔ ዘር እስከ ጭራው ድረስ ታወቀ። አስተናጋጇ ሳትቀር ትራስ አመጣችልኝ። ጥፋቴ እዚያ ላይ ነው።

አርባ ደቂቃ ያህል እንደበረርን መውረድ ጀመርን። ከእግራችን ሥር ግድግድ የሚል ድምፅ መጣ፤ ጎማው ሲዘረጋ ነው፣ ቆቂት አስቀድማ ነግራኝ ነበርና አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት መስኮቱን ሳይ ነው። ውጭው ነጭ አንሶላ የተሰቀለበት መሰለ። ክንፉ ራሱ አይታይም። «አሁን መሬቱ ይነካል፣ አሁን ይነካል» እያልኩ ጥርሴን ነክሼ ስጠብቅ፣ ሞተሩ በድንገት አገሳ። ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ላይ ተቀሰረ።

አንዱ ጮኸ። ሕፃኑ ቀጠለ። ከዚያ ሁሉም።

«ምን ሆነ? ምን ሆነ?»

«ማረፊያው ጠፋባቸው እንዴ!»

ከፊት በኩል ድምፅ የለም። ከዚያ ዝምታ ጩኸቱ ይሻል ነበር። ነጋዴው ላቡን በእጅጌው እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ! ምነው፣ የልጅ ልጅዎ ማቆም አልተማረችም እንዴ?»

«ማን ናት የምታበረው?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«የእኚህ ሴትዮ ልጅ!»

«መውረድ ሳትማር ማን ውጪ አላት ታዲያ!»

ያ ሁሉ ጉራዬ አንድ በአንድ እየተመለሰ ፊቴ ላይ አረፈ። ወጣቷን እናት አየሁ። ልጇን በአንድ ክንዷ ጨምቃ፣ ሌላውን እጇን ሳታየኝ ዘረጋችልኝ፤ ያዝኩት። «ፈጣሪዬ፣ ይህችን አንድ ጊዜ ብቻ አውርድልኝ፣ ዳግመኛ አልሰዳትም» እያልኩ ተሳልኩ።

ያኔ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። ቆቂት ናት።

«ክቡራን መንገደኞቻችን፣ ማኮብኮቢያው በጉም ተሸፍኖ ስላልታየን ማረፉን ትተን ተነስተናል። ይህ የታወቀ አሠራር ነው። አውሮፕላኑ ደህና ነው፣ ነዳጃችንም በቂ ነው። ጉሙ እስኪገፈፍ ጥቂት ዞረን እንደገና እንሞክራለን።»

እኔ ቃሉን አልሰማሁም፣ ድምፅዋን ነው የሰማሁት። አልተንቀጠቀጠም። የመብራት ሂሳብ ስታነብልኝ እንዲህ ነው የምታነበው።

«ሰማችሁ? አልታየንም አለች!» አለ ነጋዴው። «ዓይኗን ብትገልጥ ኖሮ ይታያት ነበር!»

ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ «አንተ!» አልኩት። «የእኔ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ዓይኗን ጨፍና አታውቅም! ይልቅ አንተ ቀበቶህን እሰር፣ ቦርጭህ ላይ ተከፍቷል!»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ሌላውም ተከተለው። ነጋዴው ቀበቶውን አሰረ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ዞርን። ስንወርድ መጀመሪያ አጥር አየሁ፣ ቀጥሎ ሣር፣ ቀጥሎ ጥቁሩን ማኮብኮቢያ፤ ጎማው ነካ፣ አንዴ ነጠረ፣ ያዘ። ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ እጄ አሁንም በወጣቷ እጅ ውስጥ ነበር።

ስንወርድ ካፒቴኑና ቆቂት በሩ ላይ ቆመው መንገደኛውን ያሰናብታሉ። ካፒቴኑ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ግርማ ያላቸው ሰው ናቸው። ነጋዴው ከፊቴ ነበር፤ ሳይናገር ማለፍ አልሆነለትም።

«ካፒቴን፣ ለልጅ መሪ እየሰጡ ሕዝብ አያስጨርሱ እንጂ!»

ቆቂት ወደ መሬት አየች። ካፒቴኑ ግን፣

«መሪው በእኔ እጅ ነበር» አሉ።

በሩ አካባቢ ያለው ሰው ሁሉ ቆመ።

«ማኮብኮቢያውን አየሁ ብዬ ልወርድ ነበር። በመስመር የተደረደረ መብራት ታይቶኛል። እሷ ግን ‹አይታየኝም፣ ወደ ላይ!› አለች። በእኛ ሥራ ከሁለታችን አንዳችን ያንን ካልን ሌላው ለምን አይልም፤ ይነሳል። ጉሙ ሲከፈት ተመለከትኩት። ያ እኔ ያየሁት ከአጥሩ ውጭ ያለው የአዲሱ መንገድ መብራት ነው።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሠላሳ ዓመት አብርሬያለሁ። ዛሬ ዓይኔ አታለለኝ። ለአለቆቼም ይህንኑ ጽፌ እሰጣለሁ። እናንተ ማመስገን ካለባችሁ እሷን አመስግኑ።»

ነጋዴው ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። ቆቂትን አየ፣ እኔን አየ።

«እማማ» አለኝ፣ «ይስደቡኝ። ከቅድሙ የባሰ ይስደቡኝ፣ ይገባኛል።»

ወጣቷ እናት የቆቂትን ትከሻ ሳመች። እዚያው ደረጃው ላይ፣ ሻንጣቸውን በብብታቸው እንደያዙ፣ ሰዎቹ ሁለተኛ አጨበጨቡ። አሁን እኔም አጨበጨብኩ። መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት። ከዚያ ወርጄ የሻንጣ ጋሪ ላይ ቁጭ አልኩ። ቆቂት አጎንብሳ፣

«እማማ፣ እህስ? ልብሽ ረጋ?» አለችኝ።

«እስከ ነገ ላስብበት» አልኳት።

ቤት ስንደርስ ልጄ፣ የቆቂት አባት፣ ወሬው ቀድሞን ደርሶት ጠበቀን። ቆቂት ልትተኛ እንደገባች ጀመረ።

«እኔ በሃያ ስምንት ዓመት አንድ ፌርማታ ስቼ አላውቅም። እሷ ያን የሚያህል ሜዳ ትስታለች?»

«አልሳተችም።»

«ደግሞ ረዳት ሆና ሹፌሩን ታዝዛለች! የእኔ ረዳት ‹ወራጅ አለ!› ይላል እንጂ ‹ወደ ላይ!› ብሎኝ አያውቅም።»

«ያንተ አውቶቡስ ወደ ላይ የት ይሄዳል?»

«ቀልዱን ተይው እማዬ። አባቷ የሚሆን፣ ሽበታም ሰው! ‹አይታየኝም› ብላ ፊት ለፊት ትቃወመው? ‹ማን አሳደጋት› አይሉም?»

እዚህ ላይ ነካኝ። እኔም በሆዴ ይህንኑ ሳሰላስል ነበርና።

«ሰውየው ሊወርዱ የነበረው አዲሱ መንገድ ላይ ነው» አልኩት። «መብራቱን የማኮብኮቢያ መስሏቸው።»

«የትኛው አዲሱ መንገድ? የእኔ መስመር?»

«ያንተ።»

ልጄ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ፣ «ጠዋት ጠዋት እዚያ ፌርማታ ላይ ሃምሳ ሰው ይሰለፋል» አለ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸና፣ «እንዲያ ከሆነ የባሰ ነው። ለጥቂት ነዋ የተረፋችሁት! እማዬ፣ ቃሏ በእጅሽ ነው። አስወርጃት» አለኝ። አሁን እያሾፈ አልነበረም። ፈርቶ ነው። ከማን እንደወረሰው አውቃለሁ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል ማንም አይደነቅም።

በማግስቱ እሑድ፣ ቆቂት ከሰዓት በኋላ በረራ አላት። ምሳ ተነስቶ ጠረጴዛው ተጠርጓል። ሰማያዊ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከፊቴ ተቀመጠችና አንድ ወረቀት ዘረጋች። የቢሮው ማመልከቻ ነው። ሁሉንም ሞልታዋለች፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። አባቷ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«እማማ፣ ቃሌ ቃል ነው። ልብሽ ረጋ ወይስ አልረጋም?»

መዋሸት አላውቅበትም። «አልረጋም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ብዕሩን አነሳች። ትልቅ ሰው ሲናገር አፏን አትከፍትም ብዬ የለ፤ ይኸው አልከፈተችም። ያንን ሳይ ክንዷን ያዝኩ።

«ቆይ! አንቺ ከወረድሽ ያ ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል?»

«ሌላ ሰው ይመደባላ።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«እኔ እንጃ፣ እማማ። የተማረ፣ ጎበዝ ልጅ።»

«ጨዋ? ሽበት ሲያይ ‹ልክ ነዎት› የሚል? እኔ እንዳሳደግኩሽ ያደገ?»

ብዕሩን እያገላበጠች፣

«ትናንት እኔም አፌ ተይዞ ነበር» አለች። «ለአንድ ትንፋሽ ያህል። ‹ትልቅ ሰው አይታረምም› የምትይው ጆሮዬ ላይ መጣ። እሳቸው ‹አየሁት› ብለዋል፤ እኔ ማን ነኝ? ግን አይታየኝም። ነጭ ብቻ ነው። እና ‹ወደ ላይ!› አልኩ። ያ ቃል ጥሩነቱ ውስጡ አንተም፣ እርስዎም የለበትም።»

ልጄን አየሁት። እሱ መሬት መሬት ያያል።

ሃያ ስድስት ዓመት ስኮራበት የኖርኩት አስተዳደግ አንድ ትንፋሽ ቢረዝም ኖሮ ያንን ሁሉ ሰው ይዞ መንገድ ላይ ይወርድ ነበር። ያንን የሦስት ወር ሕፃን። ፌርማታ ላይ የተሰለፈውን ሃምሳ ሰው። እኔንም፣ ከነጉራዬ። እሷ ናት የሰበረችው፤ እኔ የሠራሁትን ነገር እሷ ሰብራ ነው ያወረደችን። አሁን እኔ ተነስቼ፣ ልቤ አልረጋም ብዬ፣ ያንን ወንበር አፉን ለሚይዝ ጨዋ ልጅ ላስረክብ?

ወረቀቱን ከእጇ ነጥቄ ለሁለት ቀደድኩት። ከዚያ ለአራት።

«እማዬ!» አለ ልጄ።

«ዝም በል! ልቤ እንደሆነ የሚረጋው የሞትኩ ዕለት ነው። በእኔ ልብ ቢሆንማ አንተስ አውቶቡስ ትነዳ ነበር? ብስክሌት እንኳ አልፈቀድኩልህም፤ ሰርቀህ ነው የተማርከው! እሷ ትብረር። ትልቅ ሰው ሲሳሳትም ትጩህበት፤ ‹ማን አሳደጋት› የሚል ካለ ወደ እኔ ላኩት። እኔ ነኝ የምለው!»

ቆቂት ብድግ አለች። ዓይኖቿ እንደ ሕፃንነቷ ፈጠው ነበር፤ ፊቷ ግን እንዲህ ሲበራ ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሁትም። ልጄ ከግድግዳው ተላቀቀና የልጁን ባርኔጣ ከመንጠቆው አውርዶ ራሷ ላይ አደረገላት፤ ትንሽ አጣሞ። ማስተካከል ሞከረ፣ የባሰ አጣመመው።

እኔማ ያን ጊዜ መስኮቱን አየሁ።

«ግን ያ ደመና ምንድን ነው? በስተምዕራብ ያለው። ጠዋት አልነበረም። ካፒቴኑ መነጽር ያደርጋሉ? ዓይናቸውን የመረመራቸው አለ? ጎማው ትናንት ነጥሯል፣ ያየው ሰው አለ? እኔ እኮ፣ ምናልባት ቸኩዬ እንደሆነ... ያ ወረቀት አራት ቦታ ብቻ ነው የተቀደደው። ሙጫ አለ እዚህ ቤት?»

ቆቂት ሻንጣዋን እጀታው እንዳይንኳኳ በክንዷ አቀፈችው፣ ጫማዋን በእጇ ያዘች፣ አባቷን አይታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፣ በካልሲዋ እየረገጠች አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወጣች።